የሊኑክስ ዴስክቶፕ ሲታመም፦ አዲስ ሥሪት መቼ ያድናል?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስን በዌይላንድ፣ መስኮቶችን በስክሪኑ ላይ በሚያሳየው አዲስ ሥርዓት፣ ያስነሣ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ውስጥ የጻፉት ፊደል ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ቀጣዩን ቁልፍ ሲጫኑ የጠፋው ተመልሶ ይመጣል። ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱት መስኮቱ ለቅጽበት ቅድም የነበረውን ምስል ያሳይና ወደ ቦታው ይመለሳል። ስክሪኑ የተበላሸ፣ ካርዱም የተቃጠለ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ደህና ናቸው። ብዙዎች የስክሪኑን የማደሻ ፍጥነት ቀየሩ፣ በቅንብር ፋይሎች ላይ መስመር ጨመሩ፣ ድራይቨሩን እያራገፉ ደጋግመው ጫኑ። አልተሻለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ ወጣው ኡቡንቱ 24.10 የተሻገሩት ግን አንድም ቅንብር ሳይነኩ ተገላገሉ።

ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለሊኑክስ ዴስክቶፕ ችግሮች እጅግ አስተማማኙ ጥገና ወደ አዲስ ሥሪት መሻገር ሆኗል፤ ምክንያትም አለው። ሆኖም የሚሠራው ጉድለቱ አዲሱ ሥሪት ይዞት በሚመጣው ክፍል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ሳይጠይቁ የሚሻገሩ ብዙ ናቸው፤ ይህን ሳይጠይቁ «የሚሠራን ነገር አልነካም» ብለው ለዓመታት ከችግሩ ጋር የሚኖሩም እንዲሁ።

የኤንቪዲያውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ፕሮግራም መስኮቱን የሚሥለው በግራፊክስ ካርዱ አማካይነት ነው። የሁሉንም ፕሮግራሞች መስኮት ሰብስቦ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ደግሞ አቀናባሪ የሚባለው ሌላ ክፍል ነው። አቀናባሪው ሥዕሉ ማለቁን በምን ያውቃል? በኢንቴልና በኤኤምዲ ክፍት ድራይቨሮች ዘንድ ይህን የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ውስጥ ለውስጥ ይከታተለዋል፤ ፕሮግራሙና አቀናባሪው ስለ ጉዳዩ መነጋገር አያስፈልጋቸውም። የኤንቪዲያ ድራይቨር ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ስለዚህ አቀናባሪው ገና ተሥሎ ያላለቀ ምስል አንሥቶ ይልክ ነበር፤ ብልጭ ድርግም የሚለውም ከዚህ የመጣ ነው።

መፍትሔው ፕሮግራሙ «አሁን ጨርሻለሁ» ብሎ በግልጽ የሚያሳውቅበት አዲስ ደንብ ማውጣት ነበር። ደንቡ ከረጅም ክርክር በኋላ በማርች 2024 ወደ ዌይላንድ ደንቦች ስብስብ ገባ። ደንብ ብቻውን ግን ማንንም አያድንም። የግኖም ዴስክቶፕ አቀናባሪ በኤፕሪል በ46.1 ሥሪቱ ተቀበለው። ከዌይላንድ በፊት ለነበረው ለኤክስ የተጻፉ የቆዩ ፕሮግራሞችን በዌይላንድ ውስጥ የሚያስተናግደው ኤክስዌይላንድ በሜይ በ24.1፣ ኤንቪዲያ በዚያው ወር በ555 የሙከራ ድራይቨሩ፣ ሌላው ዴስክቶፕ ኬዲኢ ፕላዝማ በጁን በ6.1 ተከተሉ። ከሰንሰለቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት መኖራቸው አይጠቅምም። ድራይቨሩን ብቻ ያሳደገ ሰው ለውጥ ሳያይ የቀረው፣ «አዲሱም ያው ነው» ብሎ ተስፋ የቆረጠውም ለዚህ ነው። ኡቡንቱ 24.04 የወጣው በኤፕሪል 25፣ ሰንሰለቱ ገና እየተያያዘ ባለበት ሳምንት ነበር፤ ይዞት የወጣውም የቀደመውን ኤክስዌይላንድ ነው። የትኛውም የቅንብር ፋይል በኮዱ ውስጥ የሌለን ነገር ሊጨምር አይችልም።

«ታዲያ ማስተካከያውን ለነባሩ ሥሪት ለምን አይልኩልንም?» የሚል ቅሬታ ዘወትር ይሰማል። ቅሬታው የሚገባ ነው፤ መልሱም የሚገባ ነው። ዴቢያንም ሆነ የኡቡንቱ ረጅም ድጋፍ ያላቸው ሥሪቶች የሚታወቁት የፕሮግራሞቻቸውን ሥሪት አንድ ጊዜ ከወሰኑ በኋላ ባለመለወጥ ነው። የደህንነት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ትናንሽ ስህተት ይታረማል፤ አራት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ የሚነካ ለውጥ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። መቶ ኮምፒውተር የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ጠዋት ገብቶ ሌላ ዴስክቶፕ እንዳያገኝ የሚጠብቀው ይኸው ሥርዓት ነው። ቤቱ አንድ ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን የዚህን ዋጋ ይከፍላል፦ ጉድለቱ በሌላ ቦታ ከተጠገነ በኋላ እርሱ ዘንድ ለሁለት ዓመት ይቆያል።

ዋጋው በዚህ ዘመን የከበደው ደግሞ መሠረቱ ራሱ እየተለወጠ ስለነበር ነው። መስኮቶችን ለማሳየት የሚያገለግለው ኤክስ 11 የ1987 ሥራ ነው። ክርስቲያን ሆግስበርግ ዌይላንድን የጀመረው በ2008 ነበር። ግኖም በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው 49ኛ ሥሪቱ የኤክስን መግቢያ ከመነሻው ዘጋው፤ ኡቡንቱ 25.10ም ከግኖም ጋር ይሰጠው የነበረውን የኤክስ መግቢያ ተወ። በ2020 ወይም በ2022 የወጣ ሥሪት ላይ የተቀመጠ ተጠቃሚ ግንበኞቹ ሳይወጡ ቤት እንደገባ ተከራይ ነበር። ላፕቶፑን ከትልቅ ስክሪን ጋር ሲያገናኝ በአንዱ ላይ ጽሑፉ ገዝፎ በሌላው ላይ የሚኮስሰው፣ መስኮት ሲከፍት የሚንተፋተፈው፣ ብዙው የዚያ ግንባታ አቧራ ነው።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ኡቡንቱ 8.04 በ2008 ፐልስኦዲዮ የሚባለውን የድምፅ ሥርዓት ሲያስገባ ብዙ ሰው ድምፅ ጠፋበት፤ ያን ጊዜ ችግሩን ያመጣው አዲሱ ሥሪት ነበር። ከዚያ ተተኪው ፓይፕዋየር መጣ፦ በፌዶራ 34 በኤፕሪል 2021፣ በኡቡንቱ 22.10 በኦክቶበር 2022። በ20.04 ላይ በብሉቱዝ ማዳመጫ ስብሰባ የሚገባ ሰው ማይክሮፎኑ በተከፈተ ቅጽበት ድምፁ በድሮ የስልክ መስመር ጥራት፣ በ8 ኪሎኸርዝ፣ ይመጣለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሥሪቶች ያው ማዳመጫ በእጥፉ ይሠራል። ማዳመጫውን የወቀሱና ሌላ የገዙ ብዙ ናቸው።

ይሁንና መሻገር የሚለው ነገር ሁልጊዜ ሙሉ ሥሪት መቀየር ማለት አይደለም፤ ይህን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የዋይፋይ ጉዳይ ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገጠም የሪያልቴክ 8821ሲኢ የሚባል የዋይፋይ ካርድ አለ። ኡቡንቱ 20.04 ሲወጣ ከርነሉ 5.4 ነበር፤ ካርዱን አያውቀውም። የከርነል ሥሪት 5.9 በኦክቶበር 2020 ድራይቨሩን ይዞ ወጣ። በመሐሉ ሰዉ ምን አደረገ? ድራይቨሩን ከኢንተርኔት በኮድ መልክ አውርዶ በራሱ ማሽን ላይ ገነባ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ግንባታው ይፈርሳል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፤ መልሶ ለመገንባት ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የጠፋው ዋይፋይ ነው። ስልክ በኬብል አገናኝቶ ኢንተርኔት እየተበደሩ ይህን መደጋገም የዚያ ካርድ ባለቤቶች የዘወትር ሥራ ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች ሙሉ መሻገር የግድ አልነበረም። ኡቡንቱ ለረጅም ድጋፍ ሥሪቶቹ በየጊዜው አዲስ ከርነልና አዲስ የግራፊክስ ክፍሎችን ለብቻቸው ይልካል፤ ለአዳዲስ ሃርድዌር የታሰበ መንገድ ነው። በኦገስት 2021 የወጣው 20.04.3 ከርነሉ 5.11 ነበር፤ የ8821ሲኢ ድራይቨር ውስጡ አለ። 24.04ም በፌብሩዋሪ 2025 ወደ 6.11፣ በኦገስት ወደ 6.14 ከፍ ብሏል። ጉድለቱ ከርነል ውስጥ ከሆነ ዴስክቶፑን ሳይነኩ ከርነሉን ብቻ ማሳደግ ይበቃል፤ አልሆን ካለም ኮምፒውተሩ ሲነሣ የድሮውን ከርነል መምረጥ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። ያ በእጅ የተገነባ ድራይቨር ከነቅሪቱ ማሽኑ ላይ ይቀራል። ሰዉ የራሱን ግንባታ እንዲሠራለት ብሎ የከርነሉን ድራይቨር እንዳይነሣ የሚያግድ አንዲት መስመር በቅንብር ፋይል ውስጥ ጽፎ ነበር። ወደ 22.04 ሲሻገር የድሮው ግንባታ ከአዲሱ ከርነል ጋር አይገጥምም፤ የከርነሉ ድራይቨር ደግሞ በዚያች መስመር ታግዷል። ውጤቱ ዋይፋይ የሌለው አዲስ ሥሪት ነው። «አፕግሬድ አደረግሁና ዋይፋዬ ጠፋ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ የተረሳ ቅሪት የሚመነጭ ይመስለኛል። አዲሱ ሥሪት መድኃኒቱን ይዞ ገብቷል፤ በሩን የዘጋበት የዱሮው ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ስለዚህ ከመሻገር በፊት በእጅ የተጨመረውን ሁሉ ማንሣት ከመሻገሩ እኩል አስፈላጊ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በሊኑክስ ብዙዎቻችን የምንጽፈው አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት ነው፦ የእንግሊዝኛውን ኤስ ሲጫኑ ስ ይመጣል፣ ኢ ሲጨምሩ ወደ ሰ ይለወጣል፣ ኤል እና ኤ ሲከተሉ ላ፣ ኤም ሲጨመር ሰላም ይሆናል። ይህ እንዲሠራ ቁልፉ መጀመሪያ ወደ አይባስ፣ ከአይባስም ወደ ፕሮግራሙ መሄድ አለበት። በዌይላንድ ይህን የሚያገናኝ ደንብ አለ፤ ችግሩ ደንቡ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። የግኖም አቀናባሪ የሚቀበለው ሦስተኛውን ነበር፤ ክሮሚየም የሚባለው አሳሽ የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን። ስለዚህ ያው አሳሽ በኤክስዌይላንድ በኩል ሲከፈት አማርኛ ይጽፋል፤ በቀጥታ በዌይላንድ ሲከፈት ግን ሰላም ሲሉት አምስት የላቲን ፊደላት ይደረድራል። ክሮሚየም ሦስተኛውን ደንብ መማር የጀመረው በ2024 ነው። አሳሹ ራሱን ችሎ የሚታደስ በመሆኑ ማስተካከያውም የመጣው ከአሳሹ ጋር ነው። ለዚህ ችግር ብሎ ሙሉ ሥርዓቱን ያሻገረ ሰው ብዙ ደክሞ ያገኘው ነገር አሳሹን በማደስ ብቻ ሊያገኘው የሚችለውን ነበር።

በኬዲኢ ፕላዝማ ደግሞ መድኃኒቱ ከሁለቱም የቀለለ ነው። ከኤክስ ወደ ዌይላንድ ሲሻገሩ አማርኛው ድንገት ይቆማል፤ ምንም የተበላሸ ነገር ግን የለም። በቅንብሮች ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ከፍቶ፣ ምናባዊ ኪቦርድ በሚለው ሥር አይባስን ወይም ፍሲቲክስ የሚባለውን ሌላ የመጻፊያ ሥርዓት መምረጥ ብቻ ነው የሚፈለገው። ምናባዊ ኪቦርድ የሚለው ርዕስ ሥር የአማርኛ መጻፊያ ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል? ይህን ባለማወቅ ሊኑክስን ትተው የተመለሱ የአማርኛ ጸሐፊዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

እንግዲህ ጉድለቱ የት እንዳለ በምን ይታወቃል? ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ፤ ሁለቱም የባለሙያ እጅ አይሹም። የመጀመሪያው በዚያው ኮምፒውተር ላይ አዲስ የተጠቃሚ ስም ከፍቶ በእርሱ መግባት ነው። ችግሩ እዚያ ከሌለ ያለው በራስዎ ቅንብሮች ውስጥ ነው፤ መሻገር የግል ማህደርዎን ስለማይነካው ችግሩም አብሮ ይሻገራል። የግኖም ተጨማሪዎች እዚህ ላይ በብዛት ይገኛሉ። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው ግኖም 45 የተጨማሪዎችን አጻጻፍ ስለለወጠ፣ ከ22.04 ወደ 24.04 የሚሻገር ሰው ከግኖም 42 ወደ 46 ይዘላልና፣ አዘጋጁ ያላደሰው ተጨማሪ ሁሉ ይቆምበታል።

ሁለተኛው ፈተና አዲሱን ሥሪት በፍላሽ ላይ ጭኖ ከፍላሹ ማስነሣት ነው። ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ብሉቱዙን፣ የስክሪኑን ብርሃን፣ ክዳኑን ዘግቶ መክፈትን አንድ ሰዓት ያህል መሞከር ይቻላል። እዚያ ላይ ችግሩ ከጠፋ መሻገሩ ያድናል ብሎ ለመወሰን በቂ ምክንያት ተገኘ። እዚያም ካለ አልተጠገነም፤ ያን ያህል ዳታና ጊዜ ማውጣት አይገባም። ይህ ፈተና በየጥገና ቤቱ ልማድ ቢሆን ብዙ ላፕቶፕ ሳያስፈልገው ፎርማት ከመደረግ፣ ብዙ ፋይልም ከመጥፋት በዳነ ነበር።

ዳታ ያልኩት በከንቱ አይደለም። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ከዱሮው ላይ መሻገርም ብዙ ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ያወርዳል። እስከ 2011 ድረስ የኡቡንቱ አዘጋጆች ሲዲውን በፖስታ በነፃ ወደ ዓለም ዙሪያ ይልኩ ነበር፤ ያ ቀርቷል፣ መጫኛው ግን በየጊዜው እየገዘፈ ሄዷል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ሰው ይህ የሚታሰብበት ወጪ ነው። አንዱ ያወረደውን መጫኛ በፍላሽ ለአሥሩ ማዳረስ ሕጋዊ ነው፣ የሶፍትዌሩም ፈቃድ ይህን ይወዳል። የኮምፒውተር ማዕከል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የወረዱ ፓኬጆችን በአንድ ማሽን ላይ አከማችተው ለሌሎቹ ቢያካፍሉ እያንዳንዱ ተማሪ ያንኑ ፋይል ከውጭ አገር አይጎትትም።

መብራትም አለ። በመሻገር መሐል መብራት ጠፍቶ ባትሪው ከሞተ ሥርዓቱ ከፊሉ አዲስ ከፊሉ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ድንጋጤ አያስፈልግም፤ በማገገሚያ ሁነታ ገብቶ ያልተዋቀሩትን ፓኬጆች ማስጨረስ ብዙ ጊዜ ያነሣዋል። ከዚያ በፊት ግን ፋይልን በውጭ ዲስክ ማስቀመጥ፣ ባትሪውን መሙላት፣ ታይምሺፍት በሚባለው ፕሮግራም የሥርዓቱን ቅጂ መያዝ ለነገ የማይባል ነው። ኦፕንሱዜ ከ2014 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ማሳደግ በፊት ቅጂ የሚይዝ አሠራር ከመነሻው አብሮ ይሰጣል። ሌሎቹ ለምን ይህን እንደ ተጨማሪ እንደሚቆጥሩት አይገባኝም።

መቸኮልም አያስፈልግም። ከአንድ የኡቡንቱ ረጅም ድጋፍ ሥሪት ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረው ግብዣ የሚከፈተው የመጀመሪያው የእርማት ሥሪት ሲወጣ ነው። 24.04.1 በኦገስት 29 ቀን 2024 ወጣ፤ ከቀናት በኋላ ግን በማሻገሪያው ፕሮግራም ውስጥ ከባድ ስህተት ተገኝቶ ከ22.04 የሚመጡ ሰዎች መንገድ ለጊዜው ተዘጋ። ግብዣው ከታየ በኋላም ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ምንም አያጎድልም።

ፈጽሞ መሻገር የሌለባቸውም አሉ። ኤንቪዲያ በ2016 ያወጣቸውን የጂቲኤክስ 1060 እና 1080 ቤተሰብና ከእነርሱ ወዲያው የቀደመውን ትውልድ የሚደግፈው የድራይቨሩ የመጨረሻ መስመር 580 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት አይቀበሏቸውም። ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ሲወጣ ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ አላዘጋጀም። ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ የሚመጡትና በሁለተኛ እጅ የሚሸጡት ማሽኖች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ የቆዩ ናቸው። አዲሱን ላፕቶፕ የሚያድነው ያው ሥሪት እነዚህን ስክሪን አልባ ሊያስቀራቸው ይችላል። ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 ይደገፋል። ጂቲኤክስ 1060 ያለውና ማሽኑ ደህና የሚሠራለት ሰው እዚያው ቢቆይ ትክክል ነው፤ እንዲሻገር የሚገፋፋው ወዳጁ አንድ ነገር ማስረዳት አለበት፦ የትኛውን ጉድለት እንደሚያስወግድለት። የማሻገሪያው ፕሮግራምም አንድ ባይት ከማውረዱ በፊት «ይህ ካርድ በሚቀጥለው ሥሪት ድራይቨር አይኖረውም» ብሎ በግልጽ፣ ተጠቃሚው በሚያነበው ቋንቋ፣ ሊናገር ይገባል። ካርዱ የትኛው እንደሆነ ማሽኑ ያውቃል፤ የትኛው ድራይቨር እንደሚቀር አዘጋጆቹ ያውቃሉ፤ ሳያውቅ የሚሻገረው ባለቤቱ ብቻ ነው።